ሽቦው ሞልቷል፣ ጫፉ ጠፍቷል

የድሮ የኮረኮንች ሞተር ሳይክሎች የኤሌክትሪክ ዕቃ ገበያ

ለአንድ የድሮ ሞተር ሳይክል ጎማ፣ ካቴና፣ ካንዴላ ወይም የፍሬን ሸራ ፈልጎ መርካቶ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም። ትክክለኛው ባይገኝ የሚመስለው ይገኛል፤ የሚመስለው ባይገጥም ቶርኖ ቤት ገብቶ ተልጦም ተሞርዶም ይገጥማል። ኤሌክትሪኩ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሽቦ እንደሆነ በየሱቁ በጥቅልል ተሰቅሎ ይሸጣል። የጠፋው ሽቦው ሳይሆን የሽቦው ጫፍ ነው፤ ማለትም ሶኬቱ፣ ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው የነሐስ ምላስ፣ የቀለሙ ሥርዓትና የዚያ ሞተር ሳይክል የሽቦ ካርታ። በዚህ ገበያ ገንዘብ የሚከስረውም የሚተርፈውም እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

እየተነጋገርን ያለነው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ስለተሠሩ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ1 የተባለውን 250 ሲሲ ባለሁለት ምት ሞተር ሳይክል ለገበያ ሲያቀርብ፣ በአንድ ሞተር አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም መሄድ የሚለው ሐሳብ ገበያ አገኘ። ሆንዳ በኤክስኤል፣ ሱዙኪ በቲኤስ፣ ካዋሳኪም በኬኢ መስመሩ ተሰለፉ። ወደ አገራችን የገቡት በአብዛኛው በግብርና፣ በጤናና በእርዳታ ሥራ ለተሰማሩ መሥሪያ ቤቶች ነው። አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በጨረታ እየወጡ ወደ ግለሰብ እጅ ገቡ። ዛሬ የሚፈልጋቸው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አንዱ ገጠር ለገጠር የሚሠራበት፣ ሌላው ደግሞ አድሶ ሊያስቀምጠው ወይም ሊሸጠው የሚገዛ የከተማ ሰው። የሁለቱም ራስ ምታት አንድ ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም

ሞተሩ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲዲአይ ነው። ሲዲአይ ካንዴላው መቼ ብልጭ እንደሚል የሚያዝዝ፣ በሙጫ የታሸገ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ስለማይከፈት ማንም ሊመሰክርለት አይችልም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ይላከካል። ባለቤቱ ተበድሮም ቢሆን ይገዛል፣ ይገጥማል፣ ሞተሩ እንደገና አይነሳም። ወደ ሱቁ ሲመለስ የሚጠብቀው “የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አይመለስም” የሚለው የታወቀ ሕግ ነው። ለዚህ ሕግ ነጋዴውን መውቀስ አይቻልም። በተሳሳተ ሽቦ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ የተቃጠለ ሲዲአይ ከውጭ ሲታይ ከአዲሱ አይለይም።

ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስድ፣ ምንም የማያስወጣ ሙከራ አለ። ሲዲአይ ባላቸው የዚያ ዘመን ሆንዳና ያማሃ ሞተር ሳይክሎች የማጥፊያው ሽቦ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ነው። የዚህ ሽቦ ሥራ ኃይሉን ወደ ሻንሲ አውርዶ ብልጭታውን መግደል ነው። እርሱን ከሲዲአዩ አጠገብ ነቅሎ መርገጥ ነው። ካንዴላው ብልጭ ካለ ሲዲአዩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በቁልፉ፣ መሪው ላይ ባለው ማጥፊያ ወይም መሐል ላይ ተልጦ ሻንሲ በነካ ሽቦ ነው። (ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ እንደማይጠፋ አይዘንጋ። ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ያስፈልጋል።) በዝናብና በአቧራ አርባ ዓመት የቆየ ማጥፊያ መበላሸቱ፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለው ሲዲአይ መበላሸት ይልቅ የተለመደ ነው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ብልጭታው ከዚህም በኋላ ካልመጣ ቀጣዩ የሚለካው ከቮላኖው ሥር ያለው ኮይል ነው። ተራ ቴስተር ይበቃል። ከተበጠሰ እንደገና ይጠቀለላል፤ ሽቦው ግን ፀጉር የሚያህል ቀጭን በመሆኑ የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ሁሉ አይደፍረውም። ሲዲአይ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጥቁር ሁሉ ኔጋቲቭ አይደለም

የሽቦው ቀለም ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የተቃጠለው እዚህ ላይ ነውና። አራቱ የጃፓን ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቀለም ቋንቋ አላቸው።

በያማሃ ጥቁር ሽቦ ኔጋቲቭ ነው፣ ከሻንሲ ጋር ይታሰራል። በሆንዳ ጥቁር ሽቦ ቁልፉ ሲከፈት ኃይል የሚሸከም ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጋቲቩ አረንጓዴው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያማሃ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ሆንዳ ላይ ጥቁሩን ከሻንሲ ጋር ያሰረ ዕለት ፊውዙ ይበጠሳል። ፊውዙ ቀደም ብሎ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሚስማር ተተክቶ ከሆነ ደግሞ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦው የሚያልፈው ከቤንዚን ጋኑ ሥር መሆኑን ልብ ይሏል።

ብርቱካናማ ሽቦ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። በሆንዳ የግራ ፍሬቻ ነው፣ በያማሃ ወደ ቦቢና የሚሄድ ነው፣ በሱዙኪ ከቁልፉ የሚወጣው ዋና ኃይል ነው። ጥቁር ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ሽቦ በሆንዳ ወደ ቦቢና ሲሄድ በካዋሳኪ ኔጋቲቭ ነው። ከላይ የጠቀስነው ጥቁርና ነጭ ሽቦም ቢሆን በሱዙኪ ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ ያ የነቅሎ መሞከር ዘዴ ለሱዙኪ እንደዚያው አይሠራም።

ከዚህ ተነስቶ የሚመጣ የገበያ ነገር አለ። ሙሉውን ዝርጋታ በአንድ ቀይ ሽቦ ሠርቶ በናስትሮ የጠቀለለ ባለሙያ ለዛሬ ሞተሩን አስነስቷል። ነገ ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ግን የሚያነብበው ፊደል የለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ በቴስተር መከተል አለበት። የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ የሚበልጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጥቂት ጥቅልል ባለመስመር ሽቦ፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የመሳሰለውን የሚይዝ ሱቅ ለባለሙያው የቀናት ሥራ ያቀልለታል።

ስለ ሽቦው ጥራትም አንድ ነገር እንበል። ለቤት ግድግዳ የተሠራ አንድ ወጥ ሽቦ ለሞተር ሳይክል አይሆንም፤ በንዝረት ይሰበራል፣ የሚሰበረውም ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሊሆን ይገባል። በላዩ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አልሙኒየም የሆነም ይሸጣል። ክሩን በምላጭ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም።

ስም ሳይሆን ቁጥር

“የዲቲ ሽቦ አላችሁ?” ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ እንደ ሻጩ ስሜት ነው። ቁጥር ይዞ የጠየቀ ግን ዱባይም ሆነ ባንኮክ ላለ ሻጭ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል። የያማሃ መለዋወጫ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው በመጀመሪያ የተሠራበትን ሞዴል ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 214 ዲቲ1 ነው። መሐል ያሉት አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ 82590 ሙሉ የሽቦ ዝርጋታ፣ 85540 ሲዲአይ፣ 82310 ቦቢና፣ 82508 የቁልፍ ማብሪያ፣ 83350 የፍሬቻ መቆራረጫ። በሆንዳ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የዕቃው ዓይነት ይቀድማል፣ ሞዴሉ ይከተላል። 32100 ብሎ የሚጀምር ሁሉ ሙሉ የሽቦ ዝርጋታ ነው፣ 30410 ሲዲአይ፣ 30500 ቦቢና። ለሱዙኪ 36610 ሙሉ ዝርጋታ ነው።

የዚህ ቁጥር ጥቅም ለገዢ ብቻ አይደለም። ሱቁ ጥግ ውስጥ ዓመታት የቆየ፣ ካርቶኑ የጠፋ፣ ለምን እንደሚሆን የማይታወቅ የታሸገ ዕቃ ያለው ነጋዴ ከላዩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ቢያነብ የያዘውን ያውቃል። ፋብሪካው ማምረት ያቆመው ዕቃ ሲሆን፣ ከሚፈልገው ሰው ጋር ከተገናኘ፣ የሚያወጣው ዋጋ ከገባበት ጋር አይገናኝም። ካልተገናኘ ደግሞ አቧራ ነው።

ዝነኛ የሆነ ሞዴል ዕቃ ይገኝለታል፤ ዝና የሌለው አይገኝለትም። ያማሃ ኤክስቲ500 እ.ኤ.አ. በ1979 የተጠናቀቀውን የመጀመሪያውን የፓሪስ–ዳካር ውድድር ስላሸነፈ አውሮፓ ውስጥ እስከ ዛሬ አፍቃሪ አለው፤ ሐምቡርግ ያለው ኬዶ የተባለ ድርጅት ለዚህ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ በማቅረብ ይታወቃል። ለዲቲ1ም አሜሪካ ውስጥ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ለሥራ ብቻ የተሠሩት 100 እና 125 ሲሲዎች ግን፣ ማለትም እኛ ጋ የበዙት፣ እንዲህ ያለ ደጋፊ የላቸውም። እነርሱ የሚኖሩት በሌላ ሞተር ሳይክል አካል ነው።

ከዲኤክስ ላይ የሚነቀል ሶኬት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው በር አለ። የእነዚህን ሞተር ሳይክሎች ሶኬት የሚሠሩት የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አይደሉም። ያዛኪና ሱሚቶሞን የመሳሰሉ የጃፓን የሽቦ ድርጅቶች ለመኪናውም ለሞተር ሳይክሉም ያቀርባሉ። ነጩ የፕላስቲክ ሶኬት ባለ 6.3 ሚሊ ሜትር ምላስ ከሆነ፣ ከ1980ዎቹ ቶዮታ ላይ የተነቀለ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። አዲስ አበባ ደግሞ ስንት ኮሮላ ዲኤክስ እንዳየች መናገር አያስፈልግም። ሶማሌ ተራ ለመኪና ዕቃ እንጂ ለሞተር ሳይክል ዕቃ አይታሰብም፤ የድሮውን ሶኬት በእጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን የመጀመሪያው ማቆሚያ መሆን ይችላል። ክቡ የጥይት ቅርጽ ያለው ማገናኛ የተለየ ነው። የጃፓኑ ወደ 3.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእንግሊዙ 4.7 ነው። የእንግሊዙን ለጃፓን መግጠም ላልቶ መሞቅን፣ መሞቅ ደግሞ መቅለጥን ያመጣል።

ሶኬት ሲነቀል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሽቦ አብሮ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ የሚቀጠልበት ነገር አይኖርም። የሚገርመው አብዛኛው የድሮ ዕቃ የሚበላሸው እዚህች ላይ መሆኑ ነው። ሞተር ሳይክል ተፈታትቶ በሚሸጥበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው በፒንሳ ነው። ሞተሩ፣ ጎማው፣ ጋኑ በክብር ይፈታሉ፤ ሽቦው ተቆራርጦ ይወጣና ከቆራሌው ዕቃ ጋር ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፣ እዚያ በመዳብነቱ በኪሎ ይመዘናል። የአንድ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ሙሉ ዝርጋታ አንድ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ከዚያም ላይ ፕላስቲኩ ይቀነሳል። ሃያ ያህል ትክክለኛ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከነሶኬታቸው በጥቂት መቶ ግራም መዳብ ዋጋ ይጠፋሉ። ያንኑ ዝርጋታ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ሶኬቱን በሶኬቱ እየነቀለ፣ ከቁልፉ፣ ከመሪው ማብሪያዎችና ከፍሬቻ መቆራረጫው ጋር በአንድ ከረጢት የሚያስቀምጥ ፈታቺ የሚሸጠው መዳብ ሳይሆን መለዋወጫ ነው።

6 ቮልት እና 12 ቮልት

አብዛኞቹ እነዚህ ሞተር ሳይክሎች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ይህ ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛው የመብራቱ መደብዘዝ ነው። በዛገ ሶኬት ግማሽ ቮልት ቢባክን በ12 ቮልት ላይ 4 በመቶ ነው፣ በ6 ቮልት ላይ ግን 8 በመቶ ይሆናል፤ የአምፑል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወርድ በዚህች ብቻ ሩብ ያህል ብርሃን ይጠፋል። ስለዚህ ደካማ መብራት ያለው ሰው አዲስ አምፑል ከመግዛቱ በፊት ሶኬቱንና የሻንሲውን ማሰሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረግ።

ሁለተኛው የአምፑል እልቂት ነው። በብዙዎቹ ላይ የመብራቱ ኃይል ከማግኔቱ በቀጥታ ይመጣል፣ የሚገድበውም የአምፑሎቹ ድምር ጭነት ነው። የኋላው አምፑል ሲቃጠል የእርሱ ድርሻ ወደ ፊተኛው ይሄድና ያንንም ያቃጥለዋል። ባለ 25 ዋት ቦታ ላይ ባለ 15 የገጠመም እንዲሁ። ደንበኛው አምፑሉ የውሸት ነው ብሎ ከባለሱቁ ጋር ይጣላል፤ አምፑሉ ግን ከተፈቀደለት በላይ ነው የተመገበው።

የ6 ቮልት አምፑል፣ ክላክስና ባትሪ ገበያ ላይ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የ12 ቮልቱ ለቻይናና ለህንድ ሞተር ሳይክሎች ሲባል በየቦታው አለ። ስለዚህ ወደ 12 መቀየር ተስፋፍቷል። ሲዲአይ ባላቸው ላይ የብልጭታው ኮይል ከመብራቱ ኮይል የተለየ ስለሆነ ሞተሩ አይነካም፤ የመብራቱ ኮይል ከሻንሲ ተላቅቆ በ12 ቮልት መቆጣጠሪያ ይገናኛል፣ አምፑሎቹ፣ ክላክሱና ባትሪው ይቀየራሉ። ለሚሠራበት ሰው ጥሩ ነው። አድሶ ለሰብሳቢ ለሚሸጥ ግን ቅናሽ ነው። የወጡትን የ6 ቮልት ዕቃዎች ባይጥል ይሻለዋል።

ወደ ሲዲአይ እንመለስና፣ ለሆንዳ ሲጂ125 ዓይነት ሞተሮች ተብለው ከቻይና የሚመጡት ርካሽ ናቸው፣ ሶኬታቸውም አንዳንዴ ይገጥማል። መግጠሙ ግን መሥራቱ አይደለም። አንዱ ዓይነት ኃይሉን ከማግኔት ኮይል ይወስዳል፣ ሌላው ከባትሪ። የባትሪውን ዓይነት የማግኔት ኮይል ላይ የሰካ ሰው አንድ ሲዲአይ ከስሯል። ዓይነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ የብልጭታው ጊዜ ለዚያ ሞተር ካልተለካ፣ በተለይ ባለሁለት ምት ላይ፣ ፒስቶን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ዶላሩ

ከውጭ ማስመጣት አለ። አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ክብደቱም ትንሽ ነው። ሒሳቡ ግን ተለውጧል። በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5 ለአንድ ዶላር ሲወርድ የነበረውን ድንጋጤ የሚያስታውሱ ነጋዴዎች አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ዝርጋታ በ5,700 ብር ይታሰብ የነበረው ከ10,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ የውጭውን ዕቃ ሲያስወድድ፣ እዚሁ ተቆራርጦ የሚጣለውንም አብሮ ያስወድዳል።

ይህን አይቶ ሃምሳ ዝርጋታ አስመጣለሁ የሚል ካለ ግን ቆም ይበል። አንድ ዝርጋታ ለአንድ ሞዴል፣ አንዳንዴም ለአንድ ዓመት ሞዴል ብቻ ነው የሚሆነው፤ ገዢው ደግሞ በዓመት ስንቴ እንደሚመጣ አይታወቅም። ለሁሉም የሚሆነው ሶኬት፣ የነሐስ ምላስ፣ የጃፓን ልክ ጥይት ማገናኛና የምላስ መጭመቂያ ፒንሳ ነው። እነዚህ ለመኪናም ለባጃጅም ስለሚሸጡ አቧራ አይጠጡም። ይህ ዓምድ ገንዘብ የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ የሚያስገባው እዚያ ላይ ነበር።

ለገዢና ለደላላ

የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን መገደቡ አይረሳም። ከተማ ውስጥ ሊነዳው የሚያስብ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ስለ ሰሌዳውና ስለ ፈቃዱ ይጠይቅ።

ኤሌክትሪኩን ለመመርመር ደግሞ ካቻቢቴ ይበቃል። በብዙዎቹ በእነዚህ ሞዴሎች አብዛኛው ሶኬት የተሰበሰበው የፊት መብራቱ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ሁለት ሦስት ብሎን ሲፈታ መብራቱ ይወጣል። ውስጡ ቀለም በቀለም የሚገናኙ ሽቦዎች፣ ነጭ ሶኬቶችና የደረቀ አቧራ ከታዩ፣ ሞተሩ ባይነሳ እንኳ የሚጠገን ነው። ናስትሮ የተጠቀለለበት የአንድ ቀለም ሽቦ ቁጥቋጦ ከታየ፣ ሞተሩ እየሠራ ቢሆንም፣ የአንድ ሙሉ ዝርጋታና የብዙ ቀን እጅ ዋጋ ከመጠሪያው ላይ ይነሳል። መብራቱ እንዳይፈታ የሚከላከል ሻጭ ቢያጋጥም ድርድሩ ከዚያ ዋጋ ይጀምራል።